እስከ መቶ ይቆጥራል፣ «ሰባት ስጠኝ» ሲሉት ግን በእፍኙ ያፍሳል፦ ቁጥርን በእጅ እያስነኩ የማስተማር ዝርዝር መመሪያ

ኦ ክፍል ወይም አንደኛ ክፍል የምታስተምሩ ሁሉ ይህን ልጅ ታውቁታላችሁ። ተነስቶ ከአንድ እስከ መቶ በዜማ ያወርደዋል፤ ክፍሉ ያጨበጭብለታል። ጠረጴዛው ላይ ክዳን ዘርግፋችሁ «ሰባት ስጠኝ» ስትሉት ግን በእፍኙ አፍሶ ይሰጣችኋል። ዜማውን ይዞታል፤ ቁጥሩን ገና አልያዘውም።

ዕቃ ይዘን ገብተን ሳይሳካልን የምንወጣው ይህን ሳናይ ስለምንጀምር ነው። ጠጠር እናድላለን፣ ክፍሉ ገበያ ይሆናል፣ ሰዓቱ ያልቃል፣ በማግስቱ ወደ ሰሌዳና ጠመኔ እንመለሳለን። ከዚህ በታች ያለው 60 ልጅ፣ 20 ዴስክ (በዴስክ 3 ልጅ) እና 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ታስቦ የተጻፈ ነው። ልጆቻችሁ ካነሱ ዕቃውን ቀንሱ፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትንኩት።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ዕቃ

ይህን ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩ።

ክዳን። የሃይላንድ ክዳን ከሁሉም ይሻላል። ለትንሽ እጅ ይመቻል፣ አይሰበርም፣ ይታጠባል። የለስላሳ ቆርኪ ጠርዙ ጥርስ ስላለውና ስለሚዝግ ይቅርባችሁ። ለአንድ ዴስክ 20 ክዳን፣ ለ20 ዴስክ 400፣ መጠባበቂያ 50፤ ጠቅላላ 450። እያንዳንዱ ልጅ 8 ቢያመጣ 480 ይሆናል። ያላመጣውን ልጅ አትጠይቁት፤ ሰፈር ውስጥ ድግስ ካለ ከአንድ ቤት ብቻ ከመቶ በላይ ታገኛላችሁ። በሳሙና እጠቡት፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት።

የአሥር ሳጥን። ከካርቶን 25 ሳ.ሜ. በ10 ሳ.ሜ. ቁረጡ። ላይ 5፣ ታች 5 ክፍል እንዲሆን በማርከር አስምሩ፤ እያንዳንዱ ክፍል 5 ሳ.ሜ. በ5 ሳ.ሜ. ይሆናል፣ ክዳኑም በደንብ ይገባበታል። ለአንድ ዴስክ ሁለት፣ በጠቅላላ 40። ካርቶን ከሌለ በጠመኔ ዴስኩ ላይ መሥራት ይቻላል፤ ግን በየቀኑ መሥመር ስታሰምሩ 10 ደቂቃ ይበላችኋል።

ጭራሮ። በልጅ 10፣ ርዝመቱ እንደ እርሳስ። ጫፉ የሾለ አይሁን።

በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ዴስክ አንድ ባዶ ጣሳ (አፉ የማይቆርጥ)፣ አንድ የጨርቅ ከረጢት ወይም አሮጌ ካልሲ፣ እና ከ0 እስከ 20 የተጻፈባቸው ካርዶች ያስፈልጋሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ በቆሎ አታስገቡ። በመጀመሪያው ዓመቴ ጥሬ ሽምብራ ይዤ ገባሁ፤ አንዲት ልጅ አፍንጫዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ በጣቴ ላወጣ ስሞክር ጭራሽ ወደ ውስጥ ገፋሁት፣ ያወጣልን የጤና ባለሙያ ነው። እንዲህ ካጋጠማችሁ በጣትም በእንጨትም አትጎርጉሩ፣ ውሃም አትጨምሩ (እህል ውሃ ሲያገኝ ያብጣል)፤ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ቆሎማ ጭራሽ አይታሰብ። አሥር ላይ ሳትደርሱ መማሪያ መሣሪያው ተበልቶ ያልቃል።

ደረጃ 1፦ ማን የት እንዳለ እወቁ (6 ቀን)

ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ እየጻፉ ሳለ በቀን 10 ልጅ አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛችሁ ጥሩ። ለአንድ ልጅ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

1. «ከአንድ ጀምረህ ቁጠር» በሉት። የተሳሳተበትን ቁጥር መዝግቡ፣ አስቁሙት።
2. 8 ክዳን በመሥመር ደርድሩና «ቁጠርልኝ» በሉት። ሲጨርስ «ስንት ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ።
3. 15 ክዳን ክምር አድርጋችሁ «አምስት ስጠኝ» በሉት።

ሁለተኛውን ያልቻለ «ሀ»። ቆጥሮ ግን «ስንት ናቸው?» ሲባል እንደገና ከአንድ የሚጀምር፣ ወይም ሦስተኛውን ያልቻለ «ለ»። ሁሉንም የቻለ «ሐ»። በዚህ ጊዜ አታርሙ፣ አትሸልሙም። ልጆች ፊት ማንበብ ይችሉበታል፤ ቅንድባችሁ ከተነሳ መልሱን ይቀይሩታል።

ከዚያ አቀማመጡን ቀይሩ። በተቻለ መጠን በእያንዳንዱ ዴስክ አንድ «ሐ» ይኑር።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን ያስለምዱ (1 ክፍለ ጊዜ)

በመጀመሪያው ቀን ምንም ሒሳብ አታስተምሩ። ክዳኑን ስጡና ለ15 ደቂቃ ይጫወቱበት፤ ግንብ ይሠሩ፣ መኪና ያድርጉት። ዛሬ ያልተጫወተበት ልጅ ነገ በትምህርታችሁ መሐል ይጫወትበታል።

በቀረው ጊዜ ሁለት ነገር አለማምዱ።

ምልክት፦ ሦስት ጊዜ ስታጨበጭቡ እጅ ሁሉ ጭን ላይ፣ ክዳን ሁሉ ዴስክ ላይ። አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ክፍሉ በዚህ ምልክት ካልቆመ ወደ ደረጃ 3 አትሂዱ።

ድርሻ፦ በዴስኩ ያሉት ሦስቱ ልጆች ቆጣሪ፣ አዛዥ እና ዳኛ ይሁኑ። ቆጣሪው ይሠራል፣ አዛዡ ቁጥር ይጠራል፣ ዳኛው «ልክ» ወይም «ድገም» ይላል። በየአምስት ደቂቃው ይለዋወጡ። ቡድኑን 1 ለ 5 ለማድረግ አትፈተኑ፤ ለሌላ ነገር ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ግን አንዱ ይቆጥራል፣ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያዩታል።

ደረጃ 3፦ አንድ ክዳን፣ አንድ ቃል

ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው። ሁለት ሳምንት ቢፈጅባችሁም አትቸኩሉ።

1. ዴስኩን መሐል ለመሐል በጠመኔ አስምሩ።
2. ከመሥመሩ በስተግራ 5 ክዳን በረድፍ አስቀምጡ።
3. ቆጣሪው አንዱን ክዳን መሥመሩን አሻግሮ ይግፋ፤ ከገፋ በኋላ «አንድ» ይበል። መንካት ብቻ አይበቃም። የተገፋው ክዳን ተቆጥሮ እንዳለቀ በዓይን ይታያል።
4. ዳኛው የቆጣሪውን እጅ ይመልከት፣ አፉን ያዳምጥ። ከተለያዩ «ድገም» ይበል።
5. ሦስት ጊዜ ያለ ስህተት ሲያልፍ ወደ 8፣ ቀጥሎ ወደ 10 አሳድጉ።

ሳይሳካ ሲቀር፦

ቃሉን ይሰነጥቃል። «ሁ» ሲል አንድ፣ «ለት» ሲል ሌላ ክዳን ይገፋል። «አም-ስት» እና «ዘ-ጠኝ» ላይም ታዩታላችሁ። ከኋላ ሆናችሁ ስትሰሙት አቆጣጠሩ ትክክል ይመስላል፤ ስህተቱ የሚታየው እጁን ስታዩ ብቻ ነው። ጣሳውን ስጡት። ክዳኑን ይጣል፣ «ቋ» ሲል ይስማ፣ ከዚያ ቁጥሩን ይጥራ። አንድ «ቋ»፣ አንድ ቃል። በሁለት በሦስት ቀን ይስተካከላል።

አፉ ይቀድማል። እጁ አራተኛው ላይ እያለ አፉ ሰባት ደርሷል፤ ዜማው እየነዳው ነው። «ቀስ በል» ማለት ምንም አይጠቅምም፣ ዜማ ቀስ አይልም። ሥራውን ለሁለት ክፈሉት፦ ጓደኛው በዝግታ ይግፋ፣ እሱ ቃሉን ብቻ ይበል። ቀጥሎ ይገለባበጡ፤ እሱ ይግፋ፣ ጓደኛው ይጥራ። በመጨረሻ ሁለቱንም እሱ ይሥራ።

የቆጠረውን ይደግማል። ክዳኑ ተበታትኖ ወይም ክብ ሆኖ ሲቀመጥ የጀመረበት ይጠፋዋል። ወደ ረድፍ መልሱት። በረድፍ ከተካነ በኋላ ክብ አድርጉና መነሻው ላይ የተለየ ቀለም ያለው ክዳን አስቀምጡ።

ቃል ይዘላል። ብዙዎቹ ሰባትና ስምንት ላይ ይደናቀፋሉ። ከአንድ እንዲጀምር ደጋግማችሁ አታድርጉ፤ አንድ ሁለት ሦስትን አስቀድሞም ያውቀዋል። ከአምስት አስጀምሩት፦ «አምስት… ቀጥል»።

ዝም ይላል። ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ ከሆነ በሚያውቀው ቋንቋ ይቁጠር። እጁና ቃሉ አንድ ላይ መሄድ ሲጀምሩ የአማርኛው ቃል ቀስ ብሎ ይተካል። አንድ ለአንድ ማዛመድን ሁለት ጊዜ መማር የለበትም።

ደረጃ 4፦ «ስንት ናቸው?» እና «ስጠኝ»

ቆጥሮ መጨረስ አንድ ነገር ነው፤ የመጨረሻው ቃል የሁሉም ብዛት መሆኑን ማወቅ ሌላ ነገር ነው።

1. ቆጣሪው 6 ክዳን ይቁጠር።
2. ወዲያው በደብተር ሸፍኑትና «ስንት ናቸው?» በሉ።
3. ካላወቀ ራሳችሁ አሳዩት። «…አራት፣ አምስት፣ ስድስት» ብላችሁ ቆጥሩና መዳፋችሁን በሁሉም ላይ በክብ አዙራችሁ «ስድስት ክዳን» በሉ። ይህን የእጅ ዙረት አትርሱ። «ስድስት» የመጨረሻው ክዳን ስም የሚመስላቸው ልጆች አሉ፤ የምትዞረው እጅ ናት ይህን የምታርመው።
4. አሁን አዛዡ «አራት ስጠኝ» ይበል። ቆጣሪው ከክምሩ አራት ወስዶ ዳኛው መዳፍ ላይ ያድርግ። ዳኛው ይቁጠር።

በ«ስጠኝ» ጊዜ የሚታየው ዋናው ስህተት አለማቆም ነው። «አራት» ተብሎ ጀምሮ ክዳኑ እስኪያልቅ ይቆጥራል። የታዘዘውን ቁጥር እየቆጠረ ይዞ መቆየት አልቻለም። አዛዡ አራት ጣቱን ቀስሮ እስከ መጨረሻው ይያዝለት። ሳምንት ካለፈ በኋላ ጣቱን ይጠፍ።

ሌላም ታያላችሁ፦ 6 ክዳን በቅርብ ደርድራችሁ ካስቆጠራችሁ በኋላ ስታራርቁት «አሁን በዛ» ይላችኋል። አትከራከሩት። ራሱ መልሶ ይሰብስበው፣ ራሱ ይቁጠረው፣ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ሞክሩት። የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ በንግግር የሚታረም አይደለም።

የማለፊያ ፈተናው ይህ ነው፦ ከ20 ክዳን 7 ስጠኝ፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት። ያለፈ ወደፊት ይሂድ።

ደረጃ 5፦ አምስትና አሥርን በዓይን

1. የአሥሩን ሳጥን አውጡ። አሞላሉ ሁልጊዜ ከላይኛው ረድፍ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። እንዳሻቸው ከበታተኑት ሳጥኑ ጥቅም የለውም።
2. 4 ክዳን ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል አሳዩና ሸፍኑ፦ «ስንት አያችሁ? እንዴት አወቃችሁ?» የምትፈልጉት መልስ «ላይኛው አንድ ጎድሎታል» የሚለው ነው።
3. 7 ሲሆን «አምስትና ሁለት» ማለት ይጀምራሉ። እስከዚያ ጠብቁ።
4. «ስንት ተደበቀ?» ይጫወቱ። ከ5 ክዳን የተወሰነው ጣሳ ስር ይደበቅ፣ ቀሪው ይታይ። ከ10 አትጀምሩ፤ ይገምታሉ እንጂ አያስቡም።

ደረጃ 6፦ የቁጥሩ ምልክት

ካርዱ የሚወጣው አሁን ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ያህል ክዳን ያስቀምጡ፤ ቀጥሎ ለተቀመጠው ክዳን ካርድ ይፈልጉ። 0ን አትዝለሉት፤ ባዶ ሳጥን አሳይታችሁ «ዜሮ» በሉ። 6 እና 9 ከተምታቱ ካርዶቹን ሁሉ ከታች አስምሩባቸው። 2፣ 3፣ 5 ወይም 7ን ገልብጦ የሚጽፍ ልጅ በደብተር ላይ ከማስደገም በፊት ግቢው አሸዋ ላይ በጣቱ ይጻፍ።

ግቢ ውስጥ ከ0 እስከ 10 ቤት ሥሩና ያዝልሏቸው። ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወት ልጅ መዝለል ማስተማር አያስፈልገውም። አንድ ስህተት ብቻ ጠብቁ፦ 4 ላይ ቆሞ «ሦስት ዝለል» ሲባል የቆመበትን «አንድ» ብሎ ቆጥሮ 6 ላይ ይቆማል። ሕጉ «እግር ሳይነሳ ቃል አይወጣም» ይሁን።

ደረጃ 7፦ እስርና ነጠላ

እዚህ ቋንቋችን ግማሹን መንገድ ያግዘናል፣ ግማሹን ይተወናል። «አሥራ ሦስት» ራሱ አሥርና ሦስት መሆኑን ይናገራል። «ሃያ» ውስጥ ግን «ሁለት» አይሰማም፤ «ሰባ» ከ«ሰባት»፣ «ስልሳ» ከ«ስድስት» ጋር ይምታታል። ስለዚህ ጭራሮውን ያዙ።

1. እያንዳንዱ ልጅ 10 ጭራሮ ቆጥሮ ራሱ በላስቲክ ይሰር። ዳኛው ከመታሰሩ በፊት ይቁጠር። እናንተ ማታ አስራችሁ ያመጣችሁት እስር ለልጁ «አንድ ወፍራም እንጨት» ነው። (እኔ 60 እስር አስሬ ጣቴ ተልጦ ነው ይህን ያወቅሁት።)
2. በዴስኩ ሦስት እስር ይኖራል። አንዱን ፍቱ፣ ከተፈታው አራት ጭራሮ ብቻ አስቀሩና «ሁለት እስር ከአራት ነጠላ» በሉ፤ ቀጥሎ «ሃያ አራት»። ለአንድ ሳምንት ሁልጊዜ ሁለቱንም አጠራር አብራችሁ ተጠቀሙ። «አሥር ቤት» እና «አንድ ቤት» የሚሉትን ስሞች ከዚያ በኋላ አምጧቸው።
3. «ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ አሥር» ያለውን ልጅ አትቆጡት፤ እያሰበ ነው። «አሥር ነጠላ አለህ፣ ምን እናድርገው?» በሉት። ይሰረው። ሦስት እስር ሆነ፤ ስሙ ሠላሳ ነው።

13ን «103» ብሎ ይጽፋል? የሰማውን ነው የጻፈው፦ አሥር፣ ከዚያ ሦስት። ተደራቢ ካርድ ሥሩ። ረጅሙ ካርድ ላይ 10 (በሌሎች 20፣ 30)፣ ግማሽ ርዝመት ባለው ካርድ ላይ 3 ጻፉ። አጭሩን በረጅሙ ዜሮ ላይ ደርቡት፤ 13 ይሆናል። ልጁ ያንሳው፣ ዜሮው ከስር ይታየው፣ መልሶ ይደርበው። ሰሌዳ ላይ አሥር ጊዜ ከማብራራት ይህ ይበልጣል።

ላስቲክ ሲወጠር ተፈትልኮ ዓይን ይመታል። መወጣጠር ከጀመሩ ሰብስቡና ከአሮጌ ካልሲ የተቆረጠ ቀለበት ስጡ።

ደረጃ 8፦ መደመርና መቀነስ

የ+ እና የ− ምልክት ገና አታውጡ። መጀመሪያ ታሪኩ በአፍ ይነገር።

ታክሲ። 10 ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጡ፣ ሾፌርና ረዳት ምረጡ። 8 ሰው ይሳፈር። «ወራጅ አለ!» ሲባል 3 ይውረዱ። ረዳቱ የቀረውን ሳይቆጥር ይናገር፣ ከዚያ ቆጥሮ ያረጋግጥ። ይህ ሲሆን ዴስክ ላይ ያሉት በአሥሩ ሳጥን በክዳን ተሳፋሪ ያስገቡ፣ ያውርዱ። ይህን ካላደረጋችሁ አሥር ልጅ ይማራል፣ ሃምሳው ይስቃል።

ጉሊት። ክዳኑን እንደ ሽንኩርት በመደብ በመደብ አስቀምጡ፤ አንዱ መደብ 5። «ሦስት መደብ ስጪኝ» የተባለችው ልጅ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ብላ ትጥራ። ጉሊት አብሮ የሚውል ልጅ እዚህ ላይ ክፍሉን ይመራል።

ሁለት ስህተት ይመጣል። አንደኛው፣ 8 ላይ 3 ሲጨመር እንደገና ከአንድ መቁጠር። 8ቱን ጣሳ ውስጥ ከታችሁ ክደኑት፣ 3ቱን ውጭ ተዉ። ጣሳውን መታ አድርጎ «ስምንት» ይበል፣ ከዚያ «ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ»። ሁለተኛው፣ በመቀነስ ጊዜ የቀረውን ትቶ የወጣውን መቁጠር። የወጣው ክዳን ወዲያው ከረጢት ይግባ፤ ከዓይን ከራቀ አይቆጠርም።

ዕቃ ሲመለስ

ደወሉ ከመደወሉ 5 ደቂቃ በፊት ሁለቱን የአሥር ሳጥን ያስሞሏቸው። ሁለቱም ከሞሉ 20 ነው፣ ወደ ከረጢቱ ይግባ። ባዶ ክፍል ካለ ዳኛው ወደ እናንተ መጥቶ «ሁለት ጎድሏል፣ ሁለት ስጡኝ» ይበል፣ ከመጠባበቂያው ቆጥሮ ይውሰድ። «ጎድሏል» ብቻ ብሎ ከመጣ መልሱት፤ ስንት እንደሆነ አይቶ ይምጣ። የጠፋውን ፍለጋ ኪስ አትፈትሹ። ክዳኑን ቤት የወሰደው ልጅ ከታናሹ ጋር እየቆጠረበት ሊሆን ይችላል፤ 50ውን መጠባበቂያ ያስያዝኳችሁ ለዚህ ነው።